የልጃችሁ ጭርት አልድን ካለ ድመቷንም አስመርምሯት

ሰሞኑን አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ልጅቷ ክንዷ ላይ ክብ፣ ጠርዙ ቀላ ያለ ጭርት አለባት። ከፋርማሲ የተገዛ ቤታሜታሶን ለ3 ሳምንት ተቀብታለች፤ ማሳከኩ ረገብ ይላል፣ ክቡ ግን ይሰፋል። ቤት ውስጥ ድመት እንዳለ ስጠይቃት፦

"አዎ ዶክተር፣ አብራት ነው የምትተኛው። ግን ድመቷ ምንም የላትም።"

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ጭርት ፈንገስ ነው። ከድመትና ከውሻ ወደ ሰው በብዛት የሚተላለፈው ማይክሮስፖረም ካኒስ ይባላል። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ዋና ማደሪያው ድመት ናት፤ ምንም ምልክት ሳይታይባት ልትሸከመው ትችላለች።

እንስሳት ሐኪም ጋር ቶሎ የሚደርሱ ምርመራዎች አሉ። አንዱ ውድስ ላምፕ የሚባል መብራት ነው። ክፍሉ ይጨልምና ጸጉሯ ላይ ሲበራ፣ ፈንገሱ የያዘው ጸጉር ደማቅ አረንጓዴ ያበራል። ያ ጸጉር ተነቅሎ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግበትና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሁለቱም በዚያው ቀን ያልቃሉ። ካልቸር ግን ሳምንታት ይፈጃል። ቁስል ለሌላት ድመት በአዲስ የጥርስ ብሩሽ መላ ሰውነቷ ይበጠርና ብሩሹ ላይ የቀረው ለካልቸር ይላካል።

መብራቱ አላበራም ማለት ግን ነፃ ናት ማለት አይደለም። አንዳንዴ ደግሞ የቆዳ ቅርፊት ወይም ቅባት ያበራና ያሳስታል። ለዚህ ነው ማይክሮስኮፑ የሚያስፈልገው።

ደግሞ ሁሉንም በድመት አናሳብ! እኛ አገር ልጆች ጭንቅላት ላይ የሚወጣው ቆረቆር በአብዛኛው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባል፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ፈንገስ ነው፤ በመብራቱም አረንጓዴ አያበራም። ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

እባካችሁ ሳትመረመሩ እንደ ቤታሜታሶን ያለ የስቴሮይድ ቅባት አትቀቡ። መቅላቱን ያጠፋዋል፣ ፈንገሱን ግን ይመቸዋል፤ መልኩም ስለሚቀየር እኛንም ያሳስተናል።

የልጅቷን ቆዳ ጠርዙን ፍቀን በማይክሮስኮፕ ስናይ ፈንገሱ ተገኘ። ቤታሜታሶኑን አስቁሜ ክሎትሪማዞል ጀመርኩላት፤ አንሶላና ብርድ ልብሱ በደንብ እንዲታጠብ፣ የድመቷ ጸጉር ከምንጣፉ እንዲለቀም ነገርኳቸው፤ ፈንገሱ በረገፈ ጸጉር ላይ ለወራት ይቆያላ።

ድመቷስ? ጆሮዋ ሥር አብርታለች። ሕክምናዋ ሳምንታት ስለሚፈጅ እስከዚያ ለብቻዋ ትተኛለች። ልጅቷ በዚህ አኩርፋኛለች።