ሳይቃጠል በቅጠል፦ ነዳጅ ሲሰጡት የሚያፏጭ መኪና

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ታክሲ ከሚያሽከረክሩት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ከማንም የተሰወረ አይደለም። ለእነዚህ ወገኖቻችን መኪና መጓጓዣ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ ነው፣ የልጆች ቀለብ ነው፣ አገር ቤት ለቀሩት አባትና እናት የሚላከውም ከዚያው ነው። ነዳጅ በሰጡት ቁጥር «ዊይይ» እያለ ማፏጨት የጀመረ መኪና የያዘ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

ጋራዥ ገብቶ «ትራንስሚሽኑ አልቆለታል» የተባለ ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል። ያው ድምፅ ግን የአንድ ችንጋ ወይም የአንድ ጠርሙስ ዘይት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ኪሳችን ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ድምፁ የሚከተለው ሞተሩን ነው ወይስ ጎማውን?

መልሱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ ይበቃል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመን (በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ጭሱ ይገድላል)፣ ማርሹን ፓርክ ላይ አድርገን፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘን ቀስ እያልን ነዳጅ እንስጠው። ቆሞም የሚያፏጭ ከሆነ ነገሩ ያለው ሞተሩ በሚያዞራቸው ዕቃዎች ዘንድ ነው። ቆሞ ዝም ብሎ ሲሄድ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ደግሞ ወደ ትራንስሚሽን፣ ወደ ዲፈረንሻልና ወደ ጎማ እንሄዳለን።

በቆመበት የሚያፏጨውን እንመልከት። መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስናዞር ድምፁ ከበረታ የመሪው ፓምፕ ይጠረጠራል። የመሪውን ዘይት እንይ፤ ጎድሎ ከሆነ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ዘይት መጨመር እንስራን ከነስንጥቁ መሙላት ነው። አረፋ ከሠራ ደግሞ አየር ገብቶበታል። እንደ ቶዮታ ፕሪየስ ያሉት መሪያቸው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ይህ ዘይት የላቸውም።

የፊት መብራቱን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውንና ንፋስ መስጫውን አንድ ላይ ስናበራ ፉጨቱ ከጨመረ ዲናሞው፣ እዚህ አልተርኔተር የሚሉት፣ ይመርመር። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ሲለካ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ማሳየት አለበት።

ችንጋውን ሞተሩ ጠፍቶ እንየው። ከተሰነጣጠቀ ወይም እንደ መስታወት ካብለጨለጨ አርጅቷል። ሞተሩ እየሠራ ከራቅ ብሎ ጥቂት ውሃ ቢረጭበትና ድምፁ ለአፍታ ቢጠፋ ጥፋቱ የችንጋው ወይም የማጥበቂያው ነው። በዚህ ጊዜ ጣት፣ ሻርፕና ረጅም እጅጌ እንዳይቀርቡት አደራ።

አሁን ወደሚጓዘው መኪና እንለፍ። ድምፁ ነዳጅ ስንሰጥና እግራችንን ስናነሳ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ በተለይ በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና፣ ዲፈረንሻሉ ይጠረጠራል። ነዳጅ ሰጠንም አልሰጠንም በፍጥነቱ ልክ እያደገ፣ መንገዱ ሲጠማዘዝ የሚበረታ ወይም የሚቀንስ ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ፣ እዚህ ቤሪንግ የሚሉት፣ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ለነገ አይባልም፤ እየባሰ ከሄደ ጎማውን እስከማስያዝ ይደርሳል።

ትራንስሚሽን በእርግጥም ሊያፏጭ ይችላል። በውስጡ ያለው የዘይት ፓምፕ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር አንዳንዴ ቆሞም ይሰማል። ቢሆንም መጀመሪያ የሚታየው ዘይቱ ነው። ጎድሏል? ጠቁሯል? የተቃጠለ ይሸታል? ሲቪቲ የሚባለው ማርሽ አልባ ትራንስሚሽን የራሱ ዘይት አለው፤ ሌላ ዘይት ቢጨመርበት ይበላሻል።

ፉጨት ሁሉ በሽታ አይደለም። የሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪኖች ሞተር ፍጥነት ሲጨምርና ፍሬን ሲያዝ በቀጭኑ ያፏጫል። የአሜሪካ ሕግም አዳዲሶቹ በዝግታ ሲሄዱ፣ እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ፣ እግረኛ እንዲሰማቸው ድምፅ እንዲያሰሙ ያስገድዳል። የሚያሳስበው ትናንት ያልነበረ ድምፅ ዛሬ ሲመጣ ነው።

ጋራዥ ስንሄድ «ትራንስሚሽኑን እዩልኝ» አንበል። በስንት ማይል እንደሚጀምር፣ ሲቀዘቅዝ ወይስ ሲሞቅ፣ መሪ ሲዞር ወይስ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እንደሚሰማ እንናገር። እንግሊዝኛው ያልቀናው አዲስ መጪ ድምፁን በስልኩ ቀድቶ ያሰማ። መኪናውን ሳይነዳና ሳያዳምጥ ዋጋ የሚጠራ መካኒክ ካጋጠመን ሌላ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ነውር አይደለም።

መብታችንንም እንወቅ። በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ፣ ማግኑሰን ሞስ የሚባለው፣ መኪናችንን ሌላ ጋራዥ ስላሠራን ብቻ ዋስትናችን እንዳይሰረዝ ይከላከላል፤ ደረሰኝ ግን እንያዝ። በካሊፎርኒያ ጋራዡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግምቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስልንም አስቀድመን መጠየቅ እንችላለን። ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የመኪናችንን መለያ የፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ብናስገባ ፋብሪካው በነጻ ሊጠግነው የጠራው ጉድለት ካለ ይነግረናል።

ስለ አገራችን መብት ሌት ተቀን የምንሟገት ሰዎች ላባችንን ያፈሰስንበትን ገንዘብ «ምን ሆኖ ነው?» ብለን ሳንጠይቅ ማስረከብ አይገባንም። ፉጨቱ ማስጠንቀቂያ ነው። በጊዜ ለሰማው በችንጋ ዋጋ ያልፋል፤ ሬዲዮ ከፍቶ ለሸፈነው ግን አንድ ቀን አውራ ጎዳና ላይ ያስቆመዋል።

ለሥራ የወጣችሁትን ሁሉ በሰላም ይመልሳችሁ። ቸር ያሰማን።