በአንዲት ክፍል ውስጥ የሕፃኑ አልጋ የት ይቁም?

በአየር ወደ ናይሮቢ የሚገባ መንገደኛ በመጀመሪያ እግሩ የሚያርፈው በኢምባካሲ ምድር ላይ ነው። ዛሬ በጆሞ ኬንያታ ስም የሚጠራው አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲከፈት መጠሪያው የኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መንገደኛው ግን ወዲያው በታክሲ ወደ ከተማው መካከል ስለሚያመራ፣ ከማረፊያው ብዙም ሳይርቅ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበትን ሠፈር ሳያየው ያልፋል። ይኸውም በደቡብ ኢምባካሲ የሚገኘው ፓይፕላይን የተባለው ሠፈር ነው። በዚያ ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ስምንት ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ስለቆሙ፣ በታችኛው ፎቅ የሚኖር ሰው በቀትርም መብራት ሳያበራ ሥራውን ለማከናወን ይቸገራል።

በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ አብዛኛው ቤተሰብ የሚከራየው ቁመቷና ወርዷ ሦስት ሦስት ሜትር ያህል የሆነች አንዲት ክፍል ነው። ውኃውና መጸዳጃው የጋራ ነው። በክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ ይቆማል፤ ከአልጋው ፊት መጋረጃ ይዘረጋል፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሶፋ፣ ምድጃና የውኃ ጀሪካን ይደረደራሉ። ልጅ በተወለደ ጊዜ ለእርሱ የሚሆን ሌላ ሥፍራ ስለማይገኝ በአባትና በእናቱ መካከል ይተኛል።

ይህን ያነሣነው ስለ ሩቅ አገር ለማውራት ብቻ አይደለም። በሠራዊቱ መኖሪያም ሆነ በከተሞቻችን የኪራይ ክፍሎች ከነቤተሰባቸው በአንድ ጣራና በአንድ ግድግዳ ውስጥ የሚያድሩ አንባቢዎቻችን ጥቂቶች አይደሉም። ለእነርሱ የኢምባካሲዋ ክፍል እንግዳ አትሆንባቸውም።

የሰሎሞንን ፍርድ ስናስታውስ ብዙውን ጊዜ ትዝ የሚለን ሰይፉ ነው። የክርክሩ መነሻ ግን ከዚያ በፊት በሌሊት የደረሰ አደጋ እንደነበር እንዘነጋለን። ከሁለቱ ሴቶች የአንደኛዋ ልጅ የሞተው እናቱ በእንቅልፍ ላይ ሳለች ስለተኛችበት ነው። ጉዳዩ ይህን ያህል ጥንታዊ ነው። ዛሬ ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ ማታ ጤነኛ ሆነው ተኝተው ጧት ሞተው የሚገኙ ሕፃናት አብዛኛዎቹ ስድስት ወር ያልሞላቸው ሲሆኑ፣ አደጋው ከሁሉ የሚበረታው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜ ሕፃኑ ፊቱ በትራስ ወይም በጋቢ ሲሸፈን ጭንቅላቱን አዙሮ አየር ለማግኘት ጉልበቱ አይፈቅድለትም፤ ትንፋሽ ባጠረውም ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው ደንግጦ አይነቃም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሳይለዩ ይቀራሉ። በአንድ ክፍል ማደር አንድ ነገር ነው፤ በአንድ አልጋ ማደር ሌላ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 6 ወር ድረስ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ይደር፣ ነገር ግን የራሱ መኝታ ይኑረው ሲል ይመክራል። ምክሩ በአመዛኙ የተጻፈው ለሕፃኑ የተለየ ክፍል ላለው ቤተሰብ መሆኑ ግልጽ ነው። ለኢምባካሲዋ እናት ግን የምክሩ ግማሽ ሳትጠየቅ ተፈጽሞላታል፤ ልጇ ከእርሷ ክፍል ሌላ የሚሄድበት የለውም። የቀራት መኝታውን መለየት ብቻ ነው።

እናቶች ልጃቸውን አቅፈው የሚተኙት ባለማወቅ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ሌሊት ለማጥባት ይቀላል፤ ብርዱን ይከላከላል፤ አይጥ ይነክሰዋል የሚለውም ሥጋት ከንቱ አይደለም። ጡት ማጥባት ራሱ ከዚህ ድንገተኛ ሞት እንደሚከላከል ተረጋግጧል። ሆኖም አልጋ መጋራት ፍጹም የማይገባባቸው ሁኔታዎች አሉ። ልጁ አራት ወር ያልሞላው፣ ያለጊዜው የተወለደ ወይም በውልደቱ ክብደቱ ያነሰ ከሆነ፣ ከወላጆቹ አንዱ ሲጋራ የሚያጨስ፣ መጠጥ የቀመሰ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ ከሆነ አደጋው እጅግ ይከብዳል። ከረጅም ዘብ ወይም ከሌሊት ሥራ ተመልሶ እንደ ድንጋይ የሚተኛ አባትም ከሕፃን ጎን ሊተኛ አይገባውም። ለፈቃድ ወደ ቤቱ የሚመጣ ወታደር ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ናፍቆቱን በቀን ይወጣ።

ከሁሉ የከፋው ሶፋው ነው። ባሏን ላለመቀስቀስ ከመጋረጃው ወዲህ ወጥታ በሶፋ ላይ የምታጠባ እናት እንቅልፍ ሲጥላት፣ ሕፃኑ በእርሷና በሶፋው መደገፊያ መካከል ይወሸቃል። የምታንቀላፋ ከመሰላት፣ ትራሱንና ብርድ ልብሱን አርቃ በአልጋዋ ላይ ብታጠባ ይሻላታል፤ በነቃችም ጊዜ ልጁን ወደ መኝታው ትመልሰው።

መኝታው ግድ ውድ መሆን የለበትም። ፊንላንድ ከ1938 ጀምሮ ለድሆች እናቶች፣ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ በእርግዝናቸው ወራት ለምርመራ ለቀረቡ እናቶች ሁሉ የሕፃን ልብስና ትንሽ ፍራሽ የያዘ ካርቶን ስታድል ኖራለች። ብዙ የፊንላንድ ሕፃናት የመጀመሪያ ወራታቸውን የተኙት በዚያው ካርቶን ውስጥ ነው። በኒውዚላንድ የማኦሪ ሕዝቦች ከተክል ቅጠል የሚሠፉትን ጠፍጣፋና ጠንካራ ቅርጫት በወላጆች አልጋ ላይ አኑረው ሕፃኑን በዚያ ያስተኛሉ። ሰፌድና መሶብ በሚሰፋበት አገር ይህን የመሰለ ቅርጫት መሥራት የሚያስቸግር አይመስለንም።

የእንጨት አልጋ ለማሠራት የሚችል ግን ልኩን ይወቅ። በኢምባካሲ መንገዶች ዳር ጁዋ ካሊ የሚባሉት (በኪስዋሂሊ ጠራራ ፀሐይ ማለት ነው) በሜዳ ላይ የሚሠሩ አናጢዎች የታዘዙትን ይሠራሉ፤ የእኛም አናጢዎች እንዲሁ። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የለስላሳ መጠጥ ጣሳ በመካከሉ ካለፈ የሕፃኑ ሰውነት ሾልኮ ራሱ ሊታነቅ ይችላል። ፍራሹ ጠንካራ ይሁን፤ በጠርዙና በዘንጎቹ መካከል ከሁለት ጣት በላይ የሚያስገባ ክፍተት አይተው። ትራስ፣ አሻንጉሊትና የተረፈ ነጠላ በውስጡ አይቀመጥ።

ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ። ትውከቱ ያንቀዋል ብለው በሆዱ የሚያስተኙት ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በጀርባው ሲተኛ የአየሩ ቧንቧ ከምግቡ ቧንቧ በላይ ስለሚሆን፣ የመለሰው ወተት ወደ ታች ወደ ምግቡ ቧንቧ ይወርዳል። ብሪታንያ በ1991፣ አሜሪካም በ1994 ወላጆች ሕፃናትን በጀርባ እንዲያስተኙ ሰፊ ቅስቀሳ ካካሄዱ በኋላ ድንገተኛው ሞት በእጅጉ ቀንሷል።

በሰኔና በሐምሌ ናይሮቢ ትበርዳለች። ያን ጊዜ ከሰል የተቀጣጠለበትን ምድጃ ወደ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን ሁሉ ይፈጃል፤ ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ማንንም ሳይቀሰቅስ ይገድላልና። ይህ በአገራችንም ደጋማ ከተሞች በየጊዜው የሚደርስ ነው። ለልጁ አንድ ልብስ መደረብ ይበቃል። ከብርድም ሆነ ከሰው ዓይን ለመከላከል ተብሎ ፊቱ በነጠላ አይሸፈን።

ወደ አልጋው ማሸጋገሩ ቶሎ ቢጀመር ይቀላል። ሰባት ወር ሙሉ በእናቱ ጡት ሥር ያደረ ልጅ በድንገት ሲለይ ማልቀሱ አይቀርም። በመጀመሪያ የቀን እንቅልፉን ብቻ በአዲሱ መኝታ ያስለምዱት፤ እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ ሳይወስደው፣ ዓይኑ ሲከብድ ያስተኙት፤ ሌሊት ከነቃም እጅ በዘንጎቹ መካከል ሰዶ ደረቱን መታ መታ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። መገልበጥ የጀመረ ሕፃን መጠቅለሉ ይቅርበት፤ ካርቶኑም ሆነ ቅርጫቱ ከዚያ በኋላ አይሆነውም። መቀመጥ ሲጀምር የአልጋው ፍራሽ ዝቅ ይበል።

ቦታውም ከወላጆቹ አልጋ ክንድ በሚደርስበት፣ ከምድጃው፣ ከመስኮቱ፣ ከመጋረጃው ገመድና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ርቆ ይሁን። በሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ አይገጥምም የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ አንድ ዕቃ መውጣት አለበት። ምርጫው ለእኛ ቢሰጠን፣ ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሶፋውን ለጎረቤት እናውሰው ነበር።