በደስታ ቀን ያዘኑትን እናስብ



በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ፣ ጭብጨባውና እልልታው ሲያስተጋባ ልባችን በሐሤት ይሞላል። ይህ ሐሤት የመንፈስ ስጦታ መሆኑን እናምናለን፤ ይሁንና ሰው ነፍስና ሥጋ ያለው ፍጡር ነውና ሥጋም በደስታው ድርሻ አለው።

በአንጎላችን ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካላዊ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ነው። ከእነዚህም መካከል እ.ኤ.አ. በ1948 ከደም ተለይቶ የታወቀው ሴሮቶኒን ከስሜትና ከእንቅልፍ፣ ዶፓሚን ከተነሳሽነት፣ ኢንዶርፊን ደግሞ ሕመምን ከማስታገስ ጋር የተያያዙ ናቸው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚዘምሩና ከበሮ የሚመቱ ሰዎች ከአድማጮች ይልቅ ሕመምን የመቻል ዐቅማቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎቹም ይህን የኢንዶርፊን ሥራ ምልክት አድርገው ወስደውታል።

ነገር ግን በዚያው ሌሊት ጥግ ይዞ የሚተክዝ ወገን በየቤቱ አይታጣም። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የማይጥመው፣ ቀድሞ የሚወደው ሁሉ ደስ የማያሰኘው፣ ራሱን በከንቱ የሚወቅስ ሰው ሐኪሞች ድባቴ በሚሉት ሕመም ተይዞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «እምነትህ ጎድሎ ነው» ማለት በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። የሕመሙ ምክንያት የአንድ ንጥረ ነገር ማነስ ብቻ እንዳልሆነም ታውቋል፤ የዘር ውርስ፣ ኀዘን፣ ችግርና ብቸኝነት ሁሉ አስተዋጽኦ አላቸው።

ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ነቢዩም በልቶ ጠጥቶ ዳግመኛ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ መጥቶ መገበው። ከዚህ የምንማረው ከተግሣጽ በፊት እንክብካቤ እንደሚቀድም ነው።

መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም እንዳንንቅ ያስተምረናል። ስለዚህ ጠበል የሚጠመቀውን ሕመምተኛ የታዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቋርጥ አንገፋፋው። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ነውና ትዕግሥት ያሻዋል። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባልም አንሸማቀቅ፤ መታከም ነውር አይደለምና። ሞትን እመኛለሁ የሚለውን ሰው ደግሞ ብቻውን ሳንተወው ፈጥነን ወደ ሐኪም እንውሰደው።

በዓሉን ስናከብር ከማዕዳችን የራቀውን አንርሳው። ደስ ይበልህ ብለን ከማዘዝ ይልቅ ጎኑ እንቀመጥ፤ እናጉርሰው፤ እናዳምጠው።

መልካም የትንሣኤ በዓል ያድርግልን።