ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክለው ካርታ ላይ ብቻ ነው

ግሪንላንድ በዜና በተነሳች ቁጥር ከጋዜጠኛው ጀርባ የሚዘረጋውን ካርታ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ደሴቲቱ አፍሪካን ልታክል ምንም አይቀራት። በእውነቱ አፍሪካ 30 ሚሊዮን፣ ግሪንላንድ 2.2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። የኢትዮጵያን እጥፍ ብትሆን ነው!

ይህ የመርኬተር ካርታ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች ሲዘጋጅ፣ አቅጣጫ እንዳይዛባ ሲባል ከምድር ወገብ የራቀው ሁሉ ተለጠጠ። 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያለ መሬት ስፋቱ አራት እጥፍ ሆኖ ይታያል።

ብዙ የስልክ ካርታዎች ዛሬም በዚሁ ዘዴ የሚሠሩት የመንገዶች ማዕዘን እንዳይጣመም ነው፤ ለዚያ ግሩም ነው። ለክፍል ግድግዳ ግን በፍጹም አልመርጠውም። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2025 መርኬተር ስፋትን በማያዛባው «ኢኳል ኧርዝ» ካርታ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ ደግፏል።