ዓለቱ ሳይሸረፍ መለካት

የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲቃጠል ከመካከለኛው ዘመን የቆየው የኦክ እንጨት ወጋግራ ዐመድ ሆነ። ልኬቱ ግን ተርፏል። ከእሳቱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ያረፈው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር አንድሩ ታሎን የሌዘር መሣሪያውን ከ50 በላይ ቦታዎች ላይ እየተከለ ሕንጻውን ለክቶት ነበር። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፦ ብርሃን ይላካል፣ ግድግዳውን ነክቶ ይመለሳል፣ የፈጀበት ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። ይህ ተደጋግሞ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነጥቦች ሲሰበሰቡ የሕንጻው ቅርጽ ከነምሰሶዎቹ መዛነፍ በኮምፒውተር ላይ ቆመ። ወጋግራውን ደግሞ አርክቴክቶች ከቃጠሎው ጥቂት ዓመታት በፊት ለክተው ሥለውት ስለነበር አናጺዎች በመጥረቢያ እየጠረቡ መልሰው ሊያቆሙት ችለዋል። ካቴድራሉ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ።

ብዙዎች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት፣ በኮምፒውተር የተመዘገበ ቅርስ ቢፈርስም ይመለሳል የሚለውን ነው። ይህ ግን ለሁሉም ቅርስ አይሠራም። ኖትርዳም ተገጣጥሞ የተሠራ ሕንጻ ነውና እንጨቱም ድንጋዩም ይተካል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ግን አልተገነቡም፤ ተፈለፈሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ከጣሪያው መስቀል ጀምሮ ወደ ታች እየተጠረበ ከአንድ ዓለት የወጣ ነው። ጥጉ ቢሸረፍ ሌላ ድንጋይ ሊለጠፍበት ይችላል፤ የቀደሙት ጠራቢዎች ያስቀሩት ዓለት ግን አይመለስም። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ዛማኒ ፕሮጀክት እነዚህን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ ያዘጋጀውን ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል እንደ መጠባበቂያ ሕንጻ ማየት የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ንጽጽር ነው። ዛሬ የተለካ ግድግዳ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተለክቶ ሁለቱ ሲደራረቡ የትኛው ስንጥቅ እንደሰፋ፣ ዝናቡ የትኛውን ጥግ እንደበላ ይታያል። ዐይን የለመደውን አያስተውልም፤ በየቀኑ በሚሳለሙት ግድግዳ ላይ በዝግታ የሚመጣ ጉዳት ደግሞ ይበልጥ ይሰወራል።

«ዓለቱ እየተቦረቦረ ምስል ምን ይፈይዳል? ገንዘቡ ለጥገና ይዋል» የሚሉ አሉ፤ ቁጭታቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ላሊበላ በጥገናም ተጎድታለች። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከዝናብ ይከላከላል ተብሎ ሬንጅ የተቀቡ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ ኋላ የጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ጥገና ያንን መፋቅ ነበረበት። ቀደም ብሎ በጥንቃቄ የተያዘ ልኬት ባለሙያው እጁን ከማሳረፉ በፊት ዓለቱ ምን እንደነበረ ያስረዳል፤ የጥገናውን ውጤትም ለመመርመር ማመሳከሪያ ይሆናል። በዚህ ዐይን ሲታይ የልኬቱ ወጪ የጥገናው ወጪ አካል ነው።

ሌላው ሙግት ከዚህ ይከብዳል። ለአገልጋዮች ብቻ የተፈቀደው መቅደስ እንዴት በስክሪን ለሁሉ ይከፈታል? ይህን በቴክኒክ መልስ ማለፍ ነውር ነው። መለካትና ማሳየት ይለያያሉ፤ የትኛው ክፍል እንደሚለካ፣ ከተለካውም የቱ እንደሚታይ መወሰን የቤተ ክርስቲያን ነው። የልኬቱም ቅጂ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን በደብሩ እጅ መቀመጥ አለበት። ሞዴሉ ደብሩን የሚፈልግበት ምክንያትም አለ። ሌዘር የሚነካው የዓለቱን ገጽ እንጂ ውስጡ የሚሰርገውን ርጥበት አይደለም። በክረምት የቱ ጋ እንደሚያፈስ፣ የትኛው የውኃ መውረጃ እንደተደፈነ የሚያውቁት ቄሰ ገበዙና በዚያ ግቢ ያረጁ ካህናት ናቸው፤ ቃላቸው ከነጥቦቹ ጎን፣ በዚያው መዝገብ፣ ቀኑ ተጽፎበት ሊገባ ይገባል።