ማታ የምታነሱት ፎቶ ለምን ነጠብጣብ ይሞላዋል?

ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከሃና ማርያም ማታ ማታ ፎቶ ትልኩልናላችሁ። አንዳንዱ ገጭቶ ያመለጠ መኪና ነው፤ ታርጋውን ስናሰፋው ግን ቁጥሩ በነጠብጣብ ተውጧል። ብዙ ሰው በአይኤስኦ ያላክካል። ነገሩ ትንሽ ይለያል።

አይኤስኦ ብርሃን አይጨምርም። ሴንሰሩ የሰበሰበውን ያጎላል እንጂ። ደካማ ጣቢያ የያዘ ሬዲዮ ድምፁን ስትጨምሩት ከዘፈኑ ጋር "ሽሽሽ" የሚለውም አብሮ ይጮሃል አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። የነጠብጣቡ ዋና መነሻ የብርሃን ማነስ ነው፤ የስልክ ሴንሰር ደግሞ ትንሽ ስለሆነ የሚይዘው ብርሃን ጥቂት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

👉 የቆመ ነገር ከሆነ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፉ። ፕሮ ሞድ ካለው፣ አይኤስኦ 3200 በ1/60 ሰከንድ የነበረውን 400 በ1/8 ሰከንድ አድርጉት። ድምቀቱ ያው ነው፤ የሚገባው ብርሃን ግን 8 እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ነጠብጣቡም ይቀንሳል።

👉 የሚሄድ መኪና ከሆነ ሹተሩን አታዘግዩ፤ አይኤስኦው ይጨምር። ነጠብጣብ ያለበት ታርጋ ሊነበብ ይችላል፤ በእንቅስቃሴ የተሳበው ግን አይመለስም።

ቴሌግራም ላይ ስትልኩልን ደግሞ "ፋይል" አድርጋችሁ ላኩት። በፎቶ መልክ ሲላክ ይጨመቅና የቀረችው ቁጥርም ትጠፋለች።