«የሌሊት ዘብ» ሌሊት አይደለም፦ ያረጀ ሥዕል እንዴት ነው የሚጸዳው?

የሬምብራንትን «የሌሊት ዘብ» ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ጦርና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከጨለማ ሲወጡ የሚያሳየው ትልቅ ሥዕል ነው። ግን እኮ እ.ኤ.አ. በ1642 ሲሳል ትዕይንቱ ቀን ነበር። ታዲያ ማን አመሸው?

ቫርኒሽ።

የዘይት ቀለም ሥዕል ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ ቫርኒሽ ይቀባል። ቀለሙን ያደምቃል፣ ከአቧራና ከጭረትም ይከላከላል። የድሮው ቫርኒሽ የሚሠራው ከዛፍ ሙጫ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። ቆሻሻ ሲደረብበት ደግሞ ይጠቁራል። «የሌሊት ዘብ» የሚለው ስም የወጣውም ሥዕሉ ከጠቆረ በኋላ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲጸዳ ብርሃኑ ተመለሰ፤ ስሙ ግን በዚያው ቀረ።

«እና ቫርኒሽ የሚባል ነገር ለምን አይቀርም?» ትሉ ይሆናል። አትቸኩሉ። በ1990 አንድ ሰው ሥዕሉ ላይ አሲድ ረጨ። ጥበቃዎቹ ፈጥነው ውኃ ረጩበት፤ አሲዱም ቫርኒሹን ጎድቶ ቀለሙ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ሥዕሉን ያተረፈው ያው የሚታማው ቫርኒሽ ነው።

ስለዚህ አሮጌው በጥንቃቄ ይነሳል፣ አዲስ ይቀባል። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም በ2019 ሥዕሉን በመስታወት ክፍል ውስጥ አድርጎ፣ ጎብኚ እያየ ማጥናት ጀመረ። ቫርኒሹን ማንሳት የጀመሩት ግን በ2024 መጨረሻ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ጥናት ማለት ነው!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ማሟሚያ የነካው ስስ ጨርቅ ለአጭር ጊዜ ሥዕሉ ላይ ይደረጋል፤ ጨርቁም የሟሟውን ቫርኒሽ ይመጠዋል። የቀረውን በማይክሮስኮፕ እያዩ በጥጥ ያነሱታል። ማሟሚያው ከተሳሳተ ወይም ከቆየ የሠዓሊውን ቀለም ራሱ ሊያነሳው ይችላል። የተነሳ ቀለም ደግሞ አይመለስም።

የሙያው ትልቁ ሕግም ከዚህ ይመጣል፦ ዛሬ የምትጨምረውን ነገር ነገ ሌላ ባለሙያ ሥዕሉን ሳይጎዳ ማንሳት መቻል አለበት።

📌 ቤታችሁ ያረጀ የዘይት ቀለም ሥዕል ካለ፦
• በእርጥብ ጨርቅም በሳሙናም አትጥረጉት። «በድንች እሹት» የሚሉ ቪዲዮዎችንም እለፏቸው።
• ፀሐይ ከሚመታውና እርጥበት ካለው ግድግዳ አርቁት።
• ቀለሙ እየተላጠ ከሆነ አቧራውን እንኳን አታራግፉ። ፎቶ አንስታችሁ ባለሙያ አማክሩ።

ቆሻሻው ይቆያል፤ ችግር የለውም። አንዴ የተጠረገ ቀለም ግን በቃ፣ ሄደ።